የገሠሠ መሐላ

ሸሀቡ ከዳባት የመጀመሪያውን ሚኒባስ ተሳፍሮ ደባርቅ ሲወርድ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም ነበር። የዳማ ገበታውን በብብቱ ሸጉጧል፤ ቆርኪዎቹ ኮቱ ኪስ ውስጥ ይንኳኳሉ። የመጣው አደራ ይዞ ነው፤ አደራውም ቀላል አልነበረም። የወዳጁ የገሠሠ ታላቅ እኅት እሌኒ፣ እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው፣ ደረስጌ ላይ አርፋ ትናንት ተቀብራለች። ኔትዎርክ ጠፍቶ ወሬው የደረሰው ዛሬ ንጋት ላይ ነው። የገሠሠ የንስሐ አባት ቄስ መልከ ጼዴቅ ወዲያው ለሸሀቡ ደወሉለት።

«ደም ግፊቱን ታውቃለህ» አሉት። «ነገ ማለዳ ከዘመዶቹ ጋር ሆነን እናረዳዋለን። ዛሬን በልቶ፣ ተጫውቶ፣ እንቅልፉን ተኝቶ ይደር። ብቻ ከቤት እንዳይወጣ ያዝልኝ።»

ሸሀቡ ደግሞ ሰው ይዞ ለማዋል ከዳማ ሌላ ምን ያውቃል? ሁለቱ ደባርቅ ገበያ ላይ፣ ገሠሠ የበቅሎ ኮርቻ እየሠራ፣ ሸሀቡ ጨርቅ እየሸጠ፣ ጎን ለጎን ነው ያረጁት። የተለያዩት የሸሀቡ ልጅ ዳባት ሱቅ ከፍቶ አባቱን ከወሰደ ወዲህ ነው። በዚያ ሁሉ አርባ ዓመት ታዲያ ሸሀቡ አንዲት ጨዋታ እንኳ በምሕረት ለቆ አያውቅም። ገሠሠ ወገቡን ታሞ የተኛ ጊዜ ሊጠይቀው ሄዶ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ሦስት ለባዶ ገርፎት የተመለሰ ጉደኛ ነው።

«ምን እግር ጣለህ?» አለ ገሠሠ በሩን ከፍቶ።

«ናፍቀኸኝ ነዋ።»

«እኔ? ወይ ጉድ! አሞሃል እንዴ ሰውዬ?»

ከጀርባው የቆመችው ሚስቱ ማንጠግቦሽ ነገሩን ታውቃለች፤ ቄሱ ነግረዋታል። ዓይኗ ቀልቷል። «ሽንኩርቱ ፈጀኝ» አለች ማንም ሳይጠይቃት፤ «ግባ እንጂ አያ ሸሀቡ፣ ብርድ ላይ አትቁም።»

በረንዳው ላይ፣ ፀሐይ በምታርፍበት በኩል ተቀመጡ። የሸሀቡ ቆርኪዎች ፊታቸውን ወደ ላይ አደረጉ፤ የገሠሠ ተደፍተው ተደረደሩ። ገሠሠ መዳፉን አፋተገና «እሌኒ ትሙት፣ ዛሬ ሳልገርፍህ አትሄዳትም!» አለ።

ገሠሠ ሲምል በእሌኒ ነው። ዋጋ ሲከራከር በእሌኒ፣ ኮርቻው እንደማይላላ ሲያረጋግጥ በእሌኒ፣ ሲቆጣም ሲስቅም በእሌኒ። ሸሀቡ ድምፁን እያስመሰለ ስንት ጊዜ አሹፎበታል! ዛሬ ግን ማሾፍ አልሆነለትም። አንጀቱ ተንሰፍስፎለት ገበታውን ሲያይ፣ ሁለት ቆርኪ በአንድ ዝላይ የሚበላበት መንገድ ፊቱ ተከፍቶ ነበር። አላየሁም ብሎ ዳር ላይ ያለችውን ገፋ። አንድ ቀን እንኳ ደስ ብሎት ይዋል አለ በልቡ፣ ምን ይጎድልብኛል?

ተሸነፈ። ሁለተኛውንም ተሸነፈ፤ ሦስተኛውንም። መጀመሪያ ላይ ገሠሠ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸ፣ ፎከረ። በሦስተኛው ግን ሳይፎክር ቆርኪዎቹን ሰበሰበ።

«የበቅሎ ጠፍር የማደርስለት ሰው አለ፤ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ሊነሳ ሲል ሸሀቡ ጋቢውን ያዘው።

«አሸንፎ መሸሽ አለ እንዴ? ቁጭ በልና ብድሬን ልመልስ!»

«እሺ፣ ልደውልለት። ስልኬስ?»

«ቻርጅ ላይ ነው!» አለች ማንጠግቦሽ ከውስጥ።

ዕለቱ ረቡዕ ነው። ገሠሠ ረቡዕን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል አይቀምስም። ማንጠግቦሽ ግን ስድስት ሰዓት ላይ ሽሮውን በትልቁ ሳህን ይዛ መጣች፤ እንግዳ ብቻውን እንዴት ይበላል ብላ ድርቅ አለችበት። ሸሀቡም አንድ አጉርሶ፣ ሁለተኛ ደገመው። ገሠሠ እያኘከ ሁለቱንም በየተራ አያቸው።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ በኩል ወጥቶ ፀሐይዋን ሸፈናት። አምስተኛው ጨዋታ መሐል ላይ ገሠሠ ቆርኪ ያነሳ እጁን አቆመ።

«ሸሀቡ፣ ይችን ለምን አልበላሃትም?»

«አላየኋትማ።»

«አንተ? ከመንገድ ማዶ ጨርቅ ሲቀደድ የምታይ ሰው?»

«አርጅቼ ነዋ! ምን ታፋጥጠኛለህ?»

«እንግዲያው ማልልኝ።»

«በጨዋታ ወላሂ አልልም፤ ታውቃለህ።»

«ወላሂን ተወው። በእኔ መሐላ ማል። እሌኒ ትሙት በል።»

ሸሀቡ አፉን ከፈተ። አርባ ዓመት ሲያላግጥባት የኖረው ቃል ናት፤ ብሏት ቢገላገል ማን ይከለክለዋል? ምላሱ ግን እምቢ አለው። ዓይኑን ገበታው ላይ ተከለ።

ገሠሠ ወደ በሩ ዞረ። ማንጠግቦሽ ደፍ ላይ ቆማ ነበር፤ ሲያያት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ገባች።

«መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም» አለ ገሠሠ ቀስ ብሎ። «ስልኬ ግን ቻርጅ ላይ ነው።»

«ገሠሠ...»

«አትንገረኝ። ነገ ማለዳ ነው የሚመጡት?»

ሸሀቡ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ነገ ይንገሩኝ እንግዲህ። ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፤ አለቅሳለሁም። ዛሬ ግን ማንም ምንም አላለኝም።» ገበታውን ወደ ሸሀቡ ገፋ። «በል ደርድር። ደግሞ እያዘንክልኝ አትጫወት። ከጠዋት ጀምሮ ያስፈራኸኝ እሱ ነው።»

ሸሀቡ ደረደረ፤ እንደ ድሮውም ተጫወተ። ዓይኑ እንባ ቢያቀርርም እጁ አልተሳሳተም። ብዙም ሳይቆይ አንዷን ቆርኪ አንስቶ ጣ፣ ጣ፣ ጣ አድርጎ ሦስት በላ።

ገሠሠ እንደ ልማዱ ጉልበቱን በጥፊ መታ። «እሌኒ ት...»

ቃሉ እዚያው ቀረ። ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣል አደረገ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሸሀቡ ቆርኪዎቹን በእጁ እንደያዘ ጠበቀው።

«ከእንግዲህ በማን ልማል፣ ሸሀቡ?» አለ ገሠሠ ከጋቢው ውስጥ።

«በእኔ ማል።»

ገሠሠ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ አበሰና ገበታውን ተመለከተ።

«ሸሀቡ ይሙት» አለ በመጨረሻ፣ «ሦስቱንም አላየኋቸውም ነበር።»