ጄኔሬተሩና የጋሽ ሸዋንግዛው ብርድ

ለሐይቅ ዳሯ ከተማችን የምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ! የጡረተኛው መምህር የጋሽ ሸዋንግዛው አዲስ ጄኔሬተር ዳንቴሉን ለብሶ በሳሎኑና በማድ ቤቱ መካከል ባለው ኮሪደር መቀመጫውን በይፋ መያዙን ስናበስር ታላቅ ኩራት ይሰማናል።

ዳንቴሉን የሠሩት ባለቤታቸው እትዬ ታቢታ ናቸው። ኮሪደሩን የመረጡት ግን ጋሽ ሸዋንግዛው ናቸው። ግቢ ቢያድር ሌባ አለ፣ በረንዳ ቢውል ዝናብ አለ። "ቤተሰብ ውጭ አይቀመጥም" ብለው ነገሩን ዘጉት።

ቅዳሜ ከሰዓት መብራት ሄደ። ዳንቴሉ በክብር ወለቀ፣ ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ጋሽ ሸዋንግዛው ኳሳቸው ፊት ተሰየሙ። ብዙም ሳይቆይ እትዬ ታቢታ ግንባራቸውን ይዘው ከማድ ቤት ብቅ አሉ።

"ራሴን ወቀረኝ፣ ሸዋዬ። ሊያስመልሰኝም ነው።"

"ብርድ ነው! ይሄ የሐይቁ ነፋስ!"

ሰውየው ሚኒባስ ውስጥ መስኮት የከፈተን ሁሉ የሚገሥጹ ናቸው። መስኮቶቹን ዘጋጉ፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ወተፉ፣ ሚስታቸውን በጋቢ ጠቀለሉ። እትዬ ታቢታ ይባስ ደከሙ። ጋሽ ሸዋንግዛው ሁለተኛ ጋቢ ፍለጋ ሲነሡ እሳቸውንም አዞራቸው።

"እኔንም መታኝ!"

ሰርቪስ ቤቱን የተከራየችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሩሀማ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ መጥታ በሩን ገፋች።

"ጄኔሬተር እቤት ውስጥ? ኧረ ጋሼ፣ ውጡ!"

"በሩን ዝጊ፣ ብርድ ይገባል!"

"የምን ብርድ! የጄኔሬተሩ ጋዝ ነው!"

"ጋዝ የታለ? ምንም አይሸትም እኮ!"

"አይታይም፣ አይሸትም፣ ግን ይገድላል!"

እትዬ ታቢታን ደግፋ አወጣች፤ ጋሽ ሸዋንግዛው ግድግዳ እየተደገፉ ተከተሉ። ባጃጅ ሆስፒታል አደረሳቸው፣ ለሁለቱም ኦክስጅን ተደረገ። ጋሽ ሸዋንግዛው የራሳቸውን ጭምብል እየገለጡ "እሷስ? እሷስ?" እያሉ ነርሷን አስመረሯት። በመጨረሻ እትዬ ታቢታ ዓይናቸውን ገልጠው "ኳሱ እንዴት ሆነ?" ሲሉ፣ ሰውየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ቤት ሲገቡ ጄኔሬተሩ ተሰደደ፦ ከግቢው ዳር፣ ከማንም በርና መስኮት ርቆ፣ የጭስ ማውጫውን ከቤቶቹ አዙሮ፣ ከላዩ ቆርቆሮ ተደርጎለት፣ በሰንሰለት ታሥሮ።

መብራት እንደገና በሄደ ዕለት ጎረቤታቸው አቶ ወልደአማኑኤል ኳስ ሊያዩ ጎራ አሉ። ቤቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ መጋረጃው ይውለበለባል። ጋሽ ሸዋንግዛው ኮት በጋቢ ደርበው ከእትዬ ታቢታ ጎን ይንቀጠቀጣሉ።

"ምነው ጋሼ፣ ከብርድ ጋር ታረቁ እንዴ? ያን የመሰለ ጄኔሬተርስ ማን አባረረው?"

"አልናገርም።"

"ለምን?"

"እሱንም አልናገርም።"