አባቴ ሦስት ጊዜ ያሰፋው ኮት

ልብስ ሰፊው አባቴ ደረቱን ጭምቅ ሲያደርገው «ኮቴ ጠቦኝ ነው» ብሎ ጎኑ ላይ ጨርቅ ጨመረበት። በሳምንቱ ሕመሙ ሲደግመው ኮቱን እንደገና አሰፋው። እኔም «አባዬ፣ ቦርጭህን ቀንስ እንጂ ኮቱ ምን አደረገህ!» ብዬ ሳቅሁበት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ሦስተኛውን ስፌት ጨርሶ ክሩን በጥርሱ እንደበጠሰ ወደቀ፤ ልቡ ቆመ። እናቴ ደረቱን እየደጋገመች ስትጫን፣ ብጥስጣሽ ክሮች በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ እንደ ላባ ይንሳፈፉ ነበር። አልተመለሰም።

ሆስፒታል ስናደርሰው ሐኪሙ «ያ ጭምቅ የሚያደርገው ልቡ ነበር። ያኔውኑ ብታመጡት ኖሮ…» አለን።

ዛሬ ኮቱን ከመስቀያው አወረድነው። እናቴ አንዱን እጅጌ አጠለቀች፣ እኔ ሌላውን። ስንቆልፈው ሁለታችንንም ያዘን፤ ቦታም ተረፈ።