ያለ ተስፋ ሰነድ የተገዛ መያዣ

ጠበቃ ዌንደል ትሮየር በዚያች የኦሃዮ ከተማ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል ይባላል፤ የሚለውም ራሱ ነው። በየዓመቱ ኮሌጅ ሄዶ ለተማሪዎች፣ «ዕዳው ያለው ተበዳሪው ‹እከፍላለሁ› ብሎ በፈረመበት የተስፋ ሰነድ ላይ ነው፤ የቤት መያዣው ተሳቢ ነው። መኪናውን ሳትረከቡ ተሳቢ ገዝታችሁ እኔ ጋ እንዳትመጡ!» ይላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ቀልድ የሳቀው እሱ ብቻ ነው።

በመጋቢት፣ እሱን ሦስተኛ ክፍል ያስተማሩት ሚስስ አርዲዝ ኬስለር ቤታቸውን ሊነጠቁ ነው ተባለ። ለጣሪያ ማደሻ ያበደሯቸው ጎረቤታቸው ክሊፈርድ ባም ከሁለት ወር በፊት ሞተዋል። የክሊፈርድ ልጅ ሮይ ደግሞ፣ አርዲዝ ክፍያ ካቋረጡ ስድስት ወር አለፋቸው ብሎ ብድሩን ቤት እያስለቀቀ ለሚቸበችብ ነጋዴ ሊሸጥ ነው። የዌንደል ደም ፈላ። ያጠራቀመውን አሥራ ስምንት ሺህ ዶላር ይዞ ነጋዴውን ቀደመው። ሮይ የመያዣውን ማስተላለፊያ ፈረመለት።

«የተስፋ ሰነዱስ?» አለ ዌንደል።

«የአባዬ ዕቃ ውስጥ ይኖራል፤ ፈልጌ እልክልሃለሁ።»

ዌንደል እሺ አለ። አዎ፣ ያው ዌንደል! መዝገብ ቤት በርሮ መያዣውን በስሙ አስመዘገበ፣ ማህተም አስመታና እንደ ሙሽራ እየተኩራራ አርዲዝ ቤት ገባ። የዶሮ ኑድል አቀረቡለት።

«ቲቸር፣ ከእንግዲህ ማንም አያስወጣዎትም። ብድሩ እኔ እጅ ገብቷል። ባይከፍሉም ግድ የለኝም» አለ። ራሱን እንደዚያ ቀን ወዶት አያውቅም።

አርዲዝ ማህተሙን አገላብጠው አዩት። «የተስፋ ሰነዱን አሳየኛ።»

«ይመጣል።»

«ከየት?»

ተነሥተው ከምግብ አሠራር መጽሐፋቸው መሀል ዋናውን የተስፋ ሰነድ አወጡ። ጀርባው ላይ እንዲህ ይላል፦ «እምቢ ማለት መብትሽ ነው፤ ቤትሽም ያንቺ ነው። ዕዳ የለብሽም። ክሊፈርድ።»

«ባለፈው መስከረም አግቢኝ አለኝ» አሉ አርዲዝ። «እምቢ አልኩት። በማግስቱ ይህን ሰጠኝ።»

«ታዲያ ለሮይ ለምን አልነገሩትም?»

«አባትህን እምቢ አልኩት ልበለው? ከተማው እንዲስቅበት?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እና አንተ የገዛኸው ምንድነው?»

«ማህተም» አለ ዌንደል። ዕዳው ገና መስከረም ላይ ተሰርዟል። መዝገቡ ላይ ባለመያዣ ተብሎ የተጻፈው እሱ ስለሆነ ግን የመያዣውን መሰረዣ መፈረም ያለበትም እሱ ነው። መጀመሪያ ያዘነው ለገንዘቡ ነበር፤ ቀጥሎ በራሱ አፈረ። ከቦርሳው ቅጹን አውጥቶ፣ «ቀሪ ዕዳ፦ የለም» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

«ሮይን ክሰሰዋ» አሉ አርዲዝ። «ገንዘብህን ይመልስ።»

«ክስ ካለ ሰነዱ ችሎት ይቀርባል። ጀርባውም ይነበባል።»

አርዲዝ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ ጫኑ። «ታስነብበዋለህ?»

«የቱን ጀርባ?» አለ ዌንደል፣ ምንም እንዳላየ ሆኖ ቦርሳውን እየዘጋ።