«በጭራሽ» የሚለው ሳጥን

ያን እሑድ ከምሳ በኋላ የሰው ቀሚስ ጠርዝ እየዘመዘምኩ ነበር። የስፌት መኪናዬ በባሌ ፊርማ ከእጄ ልትወጣ አንድ ሌሊት ብቻ እንደቀራት አላወቅኩም። ባሌም አላወቀም፣ ጉዱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ባሌ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰፈሩ «ሚኒስትሩ» ይለዋል፤ የዓለምን ኢኮኖሚ ሳያስተካክል የሰው ጢም አያስተካክልማ! ነዳጅ ለምን እንደናረ፣ ባንኮች ምን እየዶለቱ እንደሆነ መቀሱን ይዞ ሲያስረዳ ደንበኛው አንገቱን ማንቀሳቀስ ስለማይችል ይሰማል። እቤት ሲገባ ግን ስለ ገንዘብ ትንፍሽ አይልም። «ሱቁ እንዴት ዋለ?» ስለው «ተመስገን» ይለኛል። ከተጋባን ጀምሮ ተመስገን! ኧረ ተመስገን ሲመነዘር ስንት ነው?

ልጃችን አንድ ናት፣ አሥራ አንደኛ ክፍል። ዓርብ ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ወርውራ ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ፈተና ነበረን። እኛ ተማሪዎች ስለ ኢኮኖሚና ስለ ገንዘብ አያያዝ ምን ያህል እንደምናውቅ ለመለካት ነው አሉ። አንዷን ጥያቄ እንደ ጅል ሳትኳት እማዬ! ሰውየው አንድ ሺህ በሁለት በመቶ ወለድ ተበደረ፣ በዓመት ስንት ወለድ ይከፍላል ይላል። ሃያ ብዬ ከበብኩ። ለካ ‹በወር› የምትል ቃል ነበረች፤ ዘልያት አለፍኩ። መልሱ ሁለት መቶ አርባ ነው። ሁለት መቶ አርባ!»

«በቃ፣ አንድ ጥያቄ ነው» አልኳት። እኔማ ነገሩ እዚያው የቀረ መስሎኛል።

ምዘናው ግን ሌላም ክፍል ነበረው። እቤት የሚሞላ መጠይቅ ነው፤ ወላጅ ፈርሞበት ሰኞ መመለስ አለበት። ልጅቷ ሞልታ ጨርሳ ያን እሑድ ለአባቷ ሰጠችው። ሚኒስትሩ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። መነጽሩን አደረገ፣ እስክሪብቶውንም አወጣ፤ ጥሩ እየሄደ ነበር። ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ግን ብድግ አለ።

«‹ባለፈው አንድ ዓመት ወላጆችሽ ስለ ቤተሰቡ ገንዘብ ካንቺ ጋር ተነጋግረዋል?› ሁልጊዜ፣ አልፎ አልፎ፣ በጭራሽ» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። «አንቺ ደግሞ ምልክት ያደረግሽው ‹በጭራሽ› ላይ ነው?»

«አዎ አባዬ።»

«እኔ? እኔ ነኝ በጭራሽ? አገር ምድሩ ስለ ገንዘብ የሚያማክረው እኮ እኔን ነው!»

«ጥያቄው ስለ አገር ምድሩ አይደለም፤ ስለ ቤታችን ነው።»

«ትናንትና ‹መብራቱን አጥፊ፣ ይቆጥራል› አላልኩሽም?»

«እሱ ቁጣ ነው።»

ሳቄን ለመደበቅ ክር በጥርሴ በጠስኩ። እሱ እቴ፣ ማን ሊሰማ! ወረቀቱን ገለበጠው፣ መለሰው፣ ወደ መስኮቱ ወስዶ በብርሃን አየው። «ተነጋግረዋል» ማለት ምን ማለት ነው? ማነው ያዘጋጀው? ግርጌው ላይ በደቃቅ ፊደል «መረጃው ለሦስተኛ ወገን አይሰጥም» ይላል፤ ሦስተኛው ወገን ማነው? እያንዳንዷን ቃል እንደ ምስር ለቀማት። ልጅቷ ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች። ቁርጥ አባቷን ናት፤ ካመነችበት ወይ ፍንክች።

«እዚህ ላይ አልፈርምም» አለ በመጨረሻ። «ሰው ምን ይለኛል? እሺ፣ እንነጋገር! አሁኑኑ እንነጋገርና ታስተካክይዋለሽ። ምን ልንገራችሁ? ነገ ጠዋት መቶ ሺህ ልበደር ነው። ሁለተኛ ሱቅ ልከፍት ነው። ይኸው፣ ተነጋገርን። ሰርዢው!»

የመኪናውን ፔዳል የምትረግጠው እግሬ ባለችበት ቀረች።

«ከማን?» አልኩት።

«ከሽቶው።»

ሽቶው ዓርብ ዓርብ ጢሙን የሚላጭ ደንበኛው ነው። ስሙን የሚጠራው የለም፤ ከመምጣቱ በፊት ጠረኑ ይደርሳል። ለሰው ያበድራል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ብድሩ የእኔን ቤት በር ያንኳኳል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩ።

«ወለዱ ስንት ነው አባዬ?» አለች ልጅቷ።

«ሦስት። ሦስት በመቶ ብቻ! ባንክ ብሄድ አሥራ ምናምን ይሉኛል። ሰውየው ወዳጄ ስለሆነ ነው እንጂ።»

ልጅቷ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «በወር ነው በዓመት?»

«ምን ለውጥ አለው? ሦስት ሦስት ነው!»

«አይደለም አባዬ። ዓርብ የሳትኩት እኮ ይቺን ነው።»

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። «አንተ ሰውዬ!» አልኩት፣ «ይቺን የተማሪ ወረቀት ለመፈረም ስንት ሰዓት ሙሉ ስታበጥራት ቆየህ። የሽቶውንስ ወረቀት እንዲህ አንብበኸዋል?»

 ሚኒስትሩ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

«የወዳጅ ወረቀት ደግሞ ይነበባል እንዴ?» አለ ቀስ ብሎ። እሱ ራሱ እንዳላመነበት ግን ድምፁ ያሳብቅ ነበር።

ሄዶ ከኮቱ ኪስ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አመጣ። ለልጁ ሰጣት፤ ራሱ ለማንበብ የፈራ መሰለኝ። ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ሦስት በመቶ ይላል። ቀጥሎ «በየወሩ» ይላል።

«መቶ ሺህ ላይ በወር ሦስት ሺህ ነው» አለች። «በዓመት ሠላሳ ስድስት ሺህ። ወለዱ ብቻ አባዬ፤ ዋናው ሳይነካ።»

ባሌ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ልጅቷ ገና አልጨረሰችም ነበር። «መያዣ» የሚል አንቀጽ ነበር፤ ባይከፈል የሱቁ ወንበር፣ መስታወቱ፣ የፀጉር መቁረጫ ማሽኖቹ ይወሰዳሉ ይላል። ከዚያ ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። «እንዲሁም በተበዳሪው ቤት የሚገኝ አንድ የስፌት መኪና።»

እጄን መኪናዬ ላይ ጫንኩ። ይቺን መኪና የገዛኋት ሳላገባ ነው፣ በላቤ፣ የሰው ሱሪ እያሳጠርኩ። ስንጋባ ተሸክሜያት መጣሁ። የልጄን የመጀመሪያ ልብስ የሰፋሁባት ናት። ሽቶው መቼ እንዳያት አስታወስኩ፤ ሱሪ ላሳጥር ብሎ የመጣ ጊዜ ነው። ዓይኑን በጨው የታጠበ! ቤቱን ሲቃኝ ቡና ልጠጣ ያለ መስሎኝ ወንበር ስቤለት!

«እናቴ ትሙት አላየሁትም» አለ ባሌ። አመንኩት። ያናደደኝም እሱ ነው፤ ቢዋሸኝ ኖሮ ቢያንስ የምጮህበት ነገር አገኝ ነበር።

«ለምን ግን ሁለተኛ ሱቅ ፈለግህ?» አለችው ልጅቷ። እንደ እኔ አልጮኸችም፤ የምር ልታውቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው።

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ የማላውቀውን ነገር ሁሉ አወራ። ማዶ አዲስ ፀጉር ቤት ተከፍቷል። ቅዳሜ ሰው ይመጣል፣ ወረፋውን ያያል፣ «እመለሳለሁ» ብሎ ወደ ማዶ ይሻገራል፤ አይመለስም። ማታ ማታ እየፈራ ነው ለካ «ተመስገን» የሚለኝ። አንጀቴን በላው። ልቆጣ የተነሣሁት ሴትዮ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

«ታዲያ አትነግረኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።»

«አሁን ደስ ብሎኛል፣ አይደል?» ስለው ሳቅ ሊመጣው ዳዳው።

ልጅቷ ወረቀቷን አነሣች። «እማዬ፣ ጥያቄው ‹ወላጆችሽ› ነው የሚለው፤ አባትሽ አይልም። አንቺስ?»

አይ ልጅ! ለካ እኔን ልትጥለኝ ነው የተማረችው። ትንሽ አንገራገርኩ፤ ከዚያ ተነሥቼ ከጨርቁ ሥር የልብስ ቁልፍ የማስቀምጥበትን ቆርቆሮዬን አወጣሁ። የላይኛው ቁልፍ ነው፣ የታችኛው ግን ገንዘብ። ባሌ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካንተ ተመስገን ጀምሮ» አልኩት። «ስማ፣ ሰው የሚሄድብህ ከወረፋው ብዛት ከሆነ የጎደለህ ሱቅ አይደለም፣ ወንበር ነው። ያ ፀጉር ማስተካከል አብሮህ የተማረው ጓደኛህ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል አላልከኝም? አምጣና አጠገብህ አቁመው። ይቺ ገንዘብ ወንበር ትገዛለች።»

ሦስታችንም ጠረጴዛውን ከበን እስኪጨልም አሰላን። ሲያበቃ ልጅቷ መጠይቁን ገፋ አድርጋ ሰጠችው።

«አሁንማ ተነጋገርን» አላት፣ ዓይኑ ሰባተኛዋ ላይ ሆኖ።

«ጥያቄው ስላለፈው ዓመት ነው አባዬ።»

ምራቁን ዋጥ አድርጎ ፈረመ።

ሰኞ ሽቶው እስክሪብቶውን ይዞ ሱቁ መጣ። ባሌ «ጋሼ፣ ወረቀቱን አነበብኩት» አለው፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። ጢሙን ላጨው፣ ሒሳቡንም ተቀበለው። ሰውየው አሁን የሚላጨው ማዶ ነው፤ ለእኛ ሱቅ አየርም ተረፈው። አዲሱ ወንበር ገባ፣ ጓደኛውም ሥራ ጀመረ። ሰው አሁንም ይጠብቃል፣ ግን ወረፋው ስላጠረ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ የሚሻገረው ቀንሷል።

የልጅቷ ውጤት የመጣ ጊዜ ያቺ ጥያቄ በቀይ ተሠርዛ ነበር። ሚኒስትሩ ወረቀቱን ወስዶ ሱቁ መስታወት ላይ ለጠፈው፣ ቀዩን ወደ ሰው አዙሮ። ልጅቷ «አታዋርደኝ!» ብላ ብትለምነው አሻፈረኝ አለ። ሊበደር የሚያስብ ደንበኛ ከመጣ መቀሱን ያቆምና «በወር ነው በዓመት?» ብሎ ወደ ወረቀቱ ይጠቁማል።

የዓመቱ ማብቂያ ላይ ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ምዘና አደረገ፤ ያው መጠይቅ እንደገና እቤት መጣ። እሑድ ከምሳ በኋላ ነበር፤ ያኔ ስለ ገንዘብ የምንነጋገርበት ሰዓት የታወቀ ሆኗል፣ ቆርቆሮውም ሒሳቡም ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ልጅቷ ፈገግ እያለች ወረቀቱን ለአባቷ ሰጠችው። ሰባተኛዋ ላይ «ሁልጊዜ» ብላ ምልክት አድርጋለች። እኔ ደስ ሊለኝ ሲጀምር እሱ መነጽሩን አደረገ።

«ሁልጊዜ?» አለ። «ያለፈውን እሑድ እኮ እናትሽ የሙሽራ ቀሚስ ላድርስ ብላ ዘለልነው። ከዚያ በፊትም እኔ ተኝቼ አልፎኛል። ሰርዢው የኔ ልጅ፣ ‹አልፎ አልፎ› በይው። እኔ ያልሆነ ነገር ላይ አልፈርምም።»