እርጥብ ወለል አይረገጥም

መሥሪያ ቤታችን አምስት ፎቅ ነው። ደረጃውን ሃያ ሁለት ዓመት ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ወር አዲሱ ኃላፊ የጽዳት ሠራተኛ ሁሉ የአካል ብቃት ይፈተን፣ የወደቀ ይሰናበት አለ። ደረጃውን በየቀኑ ወጥቼ መውረዴን ከፈተና አልቆጠረውም። በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ ደግሞ ሌላ ቦታ ማን ይቀጥረኛል?

ፈታኙ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ልጅ ነው። ብቃት አምስት ነገር ነው ብሎ አስረዳን፤ ጉልበት፣ መተጣጠፍ፣ ሚዛን፣ ፍጥነት፣ ጽናት። እኔ አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር። «እማማ» ቢለኝ ከእናቱ ባንስ እንጂ እንደማልበልጥ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ «እትዬ» አለኝ።

ለጉልበት አንድ ብረት ጨበጥኩ። ቁጥሩን አይቶ ይድገሙት አለ፣ ደገምኩት። ጨርቅ ሲጠመዝዝ የኖረ እጅ ነው፣ ምን ይገርማል። ለመተጣጠፍ እግሬን ዘርግቼ ቁጭ አልኩና ሳጥን ላይ እጄን ወደፊት ገፋሁ። ሳጥኑ አቧራ ነበረው፣ እግረ መንገዴን ጠረግኩለት። ለሚዛን በአንድ እግሬ ቆምኩ። አምፖል ስጠርግም እንደዚሁ ነው የምቆመው።

ለፍጥነትና ለጽናት የቀረው ሩጫ ነው። በአዳራሹ ከግድግዳ ግድግዳ ሃያ ጊዜ መመላለስ፤ እዚህ የወደቀ ወደቀ። ጉንዳን የምንላት ባልደረባዬ ደግሞ እንግዳ መጣ ብላ አዳራሹን ከመሃል እስከ ማዶ ወልውላው ኖሯል።

ልጁ ማዶ ቆሞ ፊሽካውን ነፋ፣ ሮጥኩ። እርጥቡ ጋ ስደርስ ቆምኩ።

«ይሂዱ እንጂ እትዬ።»

«ተወልውሏል።»

ደግሞ ነፋ። ወይ ፍንክች። ተከትለውኝ የሮጡት ሦስቱ ባልደረቦቼም እዚያው ቆሙ። ጉንዳን ራሷ ወልውላ ራሷ ቆመች። ለአራታችንም ዜሮ ጻፈልን። ዜሮ እንኳ ማንበብ አያቅተኝም።

ከዚያ ሊያስረዳን ከማዶ በጫማው እየረገጠ መጣ። ጉንዳን ዓይኗን ጨፈነች።

«ልጄ፣ ባለህበት ቁም» አልኩት።

መሃል ላይ ቆመ። ዱካ ያረፈበት ወለል እንዳልተወለወለ ነው የሚቆጠረው፤ እሱን መርገጥ ይቻላል። መወልወያዬን ይዤ ማዶ ተሻገርኩና ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለስኩ፣ ወደ ኋላዬ እየሄድኩ ወለወልኩት። ልጁ የቆመበትን ብቻ ትቼ ዙሪያውን አለፍኩ። ሌላ ሥራ ስላልነበረው ሰዓቱን እያየ ምልልሴን ይቆጥራል።

ስጨርስ፣ «ሠላሳ አንድ ምልልስ» አለ። «ግን እኮ ወደ ኋላ ነው የሄዱት።»

«የሚወለወለው ወደ ኋላ ነው። ወደ ፊት የሚወለውል ዱካውን ትቶ ይሄዳል።»

ወረቀቱን አገላብጦ አየው። ወደ ኋላ አይቻልም የሚል አጣ መሰለኝ፣ ዜሮዬን ሰረዘ። ቀጥሎ ሦስቱን አያቸው፤ እነሱም ወለሉን አዩ። ወለሉ ንጹሕ ነው።

ጉንዳን መወልወያዋን አንስታ ባልዲዋ ውስጥ ነከረች።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ ለእኔም አንዴ ርገጥልኝ» አለችው።

ረገጠላት።