ለጃርቷ የወጣ ድንጋይ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። ግንበኛው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልረሳም። በገዛ ልጁ ሠርግ ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ የሚስቱ ወንድም ብድግ ብሎ «የአማቼ ግንብና የአማቼ ፊደል አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ቀጥ ብለው መቆም አይችሉም» አለና አሣቀበት። ወንድሟ መምህር ነው፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ንግግሩን በማግስቱ ረሳው። ግንበኛው ግን በማግስቱ ድንጋይ አስጫነ።

የሁለቱ ጓሮ ያለ አጥር የተያያዘ ነበር። መሐሉ ላይ ግንብ አቆመበት፤ ያውም እንዴት ያለ ግንብ! በየረድፉ እንዳይዘም ቱምቢ አንጠልጥሎ፣ ውሃ ልክ አስተኝቶ፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ ጠርቦ። «ጉንዳን እንኳ በዚህ አያልፍም፤ በመንገድ ዞሮ ይሂድ» እያለ ይፎክር ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመምህሩ ጋር አልተነጋገሩም። መልሱን ግንቡ ይሰጥለታል።

ጃርቷ የመጣችው ከዝናቡ ጋር ነው። ያቺ እሾኳ እንደ ጦር የረዘመው ትልቋ አይደለችም፤ ትንሿ፣ ሲነኳት ኳስ የምትሆነዋ ናት። የግንበኛውን ጎመን ቀንድ አውጣ ይፈጀው ነበር፤ እሷ ከመጣች ወዲህ ግን ቅጠሉ ሳይበሳ ማደር ጀመረ። ያለ ልመና፣ ያለ ውለታ። ግንበኛው ከሰው ልጅ ይህን ያህል አግኝቶ አያውቅም። ስለዚህ ወደዳት፤ «እሜቴ» ብሎም ሰየማት። የቀንድ አውጣ መርዙን ጣለላት፣ ጥግ ላይ እንጨት ከመረላት፣ በጠፍጣፋ ሳህን ውሃ አኖረላት።

ሰኞ ጠዋት አንድ ወንድ ጃርት መንገድ ላይ መኪና ጨፍልቆት አየ። ወዲያው በውጭው በር ሥር ያለውን ክፍተት በቆርቆሮ ደፈነና እጁን አራገፈ። «አሁን እሜቴ በሰላም ትኖራለች።»

ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሚስቱ ከወንድሟ ቤት ስትመለስ ገና ከበሩ ጀመረች።

«አንተ ሰውዬ፣ እሜቴን ቆልፈህባታል!»

«ከመኪና ነው ያዳንኳት።»

«ከልጆቿም አድነሃታል! አራት ናቸው፤ ወንድም ጋሼ ጓሮ፣ ቅጠል ክምሩ ሥር። ሊያቃጥለው መንሹን ሲሰድ ድምፅ ሰምቶ ተወው። ከትናንት ጀምሮ እንደ ጫጩት ሲጮኹ ነው የዋሉት።»

ለካ መኝታዋ እዚያ፣ ገበታዋ እዚህ ኖሯል። በበሩ ሥር ወጥታ፣ መንገዱን ዞራ ትመላለስ ነበር።

«እንግዲያው በቅርጫት አድርሻት።»

«ዛሬስ አደረስኳት፤ ነገስ? በየማታው ሙሽራ ላጅብ ነው? ቆርቆሮውን ብትነቅለው ደግሞ መኪናው አለ። መንገዷ በዚህ ነው» አለችና ግንቡን በመዳፏ መታችው።

«ድንጋዬን?»

«አዎ፣ ድንጋይህን! ዛሬም ካልጠቡ አይተርፉም።»

ግንበኛው ግንቡን አየው። አንድ ድንጋይ ቢወጣለት ጥርሱ የወለቀ አፍ ይሆናል፤ መምህሩ ደግሞ ሊስቅበት ነው። ጆሮውን ድንጋዩ ላይ ለጠፈ። የጫጩት ድምፅ ቀርቶ ምንም አይሰማም፤ ይህን ያህል አጥብቆ ነው የሠራው። ለመጀመሪያ ጊዜ አልኮራበትም።

ግንበኛ ሳይለካ አይነካም። ክር ይዞ እንጨት ክምሩ ሥር ተንበረከከ። ክሩ ሳይደርስባት እሜቴ ተጠቀለለች።

«ቀጥ በይ እንጂ፣ እመቤቴ!»

«ፉፍ» አለችው።

ጠበቃት። አፍንጫዋን ብቅ ታደርጋለች፤ ክሩን ስታይ መልሳ ትጠቀለላለች። ሲሰለቸው ኳሱን እንዳለ ለካው። ለእሾኩ ሁለት ጣት ጨመረ፣ ለትንፋሽ ሁለት ጣት፣ «ልጆቿን አስከትላ ብትመጣስ» ብሎ ደግሞ ሁለት።

ሚስቱ ክሩን አየችና «ለጃርት ነው ለጥጃ?» አለች።

«የተገነባ ድንጋይ እንደ ዳቦ አይገመስም። ከወጣ ሙሉው ነው የሚወጣው።»

ስካርፔሎውን፣ የድንጋይ መሮውን፣ መገጣጠሚያው ላይ አሳረፈና በመዶሻ መታው። የገዛ ሲሚንቶው እምቢ አለው። ላቡ እየተንጠባጠበ አንድ ሰዓት ታገለ፤ «ይህን የሠራ እጁ ይሰበር!» ሊል ምንም አልቀረውም። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ድንጋዩ ተንቀጫቀጨና ወጣ።

በቀዳዳው የታየው ጓሮ ሳይሆን መነጽር ነው። መምህሩ ጉንጩን መሬት ላይ አስተኝቶ ጭንቅላቱን እስከ ጆሮው አስገብቷል።

«አማቼ፣ እንደምን ዋልክ?»

ግንበኛው ለዚህ ቀን ዘጠኝ ዓመት ያጠናው ንግግር ነበረው። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጭንቅላትህን አውጣ፤ ያንተ መግቢያ አይደለም።»

«በእኔ በኩል ልጀምርልህ ብዬ ነበር እኮ። ቢላዋ የሚያስገባ መገጣጠሚያ አጣሁ። ዘጠኝ ዓመት ተቀምጬ የማየው ይህንኑ ግንብ ነው፤ አንድ ጠማማ ቦታ ባገኝ ብዬ። የለውም።»

«ምን አልክ?»

«ሰምተኸኛል።»

«አልሰማሁም። ግንቡ ወፍራም ነው።»

«ቀጥ ያለ ነው አልኩህ!»

ሚስቱ አፏን በመዳፏ ይዛ ወደ ጎመኑ ዞረች።

በዚህ መሐል እሜቴ ኳስነቷን ፈትታ ወጣች። ስትሄድ ለካ ቀጭን ነች፤ የቀዳዳው ሲሶ ይበቃታል። መምህሩ አፍንጫ ሥር ስትደርስ ቆመች።

«እንዳትተነፍስ» አለ ግንበኛው።

«ብትወጋኝስ?»

«ቻለው። እኔም ችያለሁ።»

መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ። እሜቴ አሸተተችው፣ ናቀችው፣ በጆሮው በኩል ተሹለክልካ አለፈች። ትንሽ ቆይቶ በቀዳዳው ይሰማ የነበረው ጩኸት አንዱ ከሌላው ኋላ ጸጥ አለ። ግንበኛው እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ።

በማግስቱ ሚስቱን ጠራት።

«ስለ ፊደሌስ ምን አለ?»

«ምንም።»

«ያነሣው ግንቡን ብቻ ነው?»

«ግንቡን ብቻ።»

«እንግዲያው የቂሙ ግማሽ አለ ማለት ነው።»

የወጣውን ድንጋይ ጠርቦ አሳነሰና መልሶ ገነባው። ለእሜቴ የሚበቃ፣ ለመምህር ጭንቅላት የማይበቃ ቀዳዳ ተወ። ድምፅ ግን ያሳልፋል።

ሲመሻሽ ከወዲያ «መጣችልህ» የሚል ድምፅ መጣ።

«አይቻለሁ» አለ ግንበኛው፣ ገና ሳያያት።