ከሐይቅ የመጣው በርሜል

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበር፤ ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ አባርቶ ጭጋጉ ኩሬው ላይ ተኝቷል።

የዓሣ እርባታ ፕሮጀክቱ ፒክአፕ አጥሯን ታክኮ ሲቆም እሜቴ ዓሣ ገና ፊቷን አልታጠበችም። ስሙን ያወጣላት ጎረቤት ነው፤ መጀመሪያ ለማሾፍ፣ በኋላ ለምዶበት። ጭነቱ ሰማያዊ በርሜል ነው። በውስጡ አንዳች ነገር ውኃውን በጅራቱ ይመታል።

«ደግሞ ይኼ ምንድን ነው?»

«ዓሣ ነዋ» አለ የፕሮጀክቱ ባለሙያ፣ ቦቲውን እያጠለቀ። «ከሐይቅ ነው። ገንዘብ ሰጪዎቹ እንግዶች ሳይደርሱ ኩሬሽ ውስጥ እንልቀቃቸው።»

ደሟ ፈላ። ኩሬዋ ዓሣ አላነሰውም፤ መከራዋም ይኸው ነው። ባለሙያው የዓሣ ጫጩቶቹን ሲያስረክባት «ሁሉም ወንድ ናቸው፤ ሳይዋለዱ ይወፍራሉ» ብሏት ነበር። በሦስተኛው ወር ዳር ዳሩን እንደ ስንጥር የቀጠኑ ትንንሽ ዓሣዎች ሲርመሰመሱ ብታይ፣ «ወለዱልኝ!» ብላ ሰፈሩን በእልልታ ጠራች። እሱም አብሯት ሳቀ፤ በስልኩ ቀረጻት። ወንድ እንደማይወልድ እሷ በደስታዋ ዘነጋች፤ እሱ ግን አልዘነጋም። ከዚያ ወዲህ ኩሬው ይወልዳል እንጂ አያሳድግም። ሁሉም መኖ ይሻማል፤ ከጣት የበለጠ የለም።

«ለአንድ ቀን ነው፣ እህት ዓለም። መረቡን ትስቢያለሽ፣ ትልልቆቹ ይወጣሉ፣ እንግዶቹ ያጨበጭባሉ። መኖሽም አይቋረጥም።»

«ሲሄዱስ?»

«ሲሄዱማ ጠብሰሽ ብያቸው!»

ሹፌሩ ከት ብሎ ሳቀ። እሷ ዓይኗን ከአጥሩ ማዶ ተከለች። ታናሽ እህቷ በቆሎዋን ነቅላ ለኩሬ ያስቆፈረችው ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። እንግዶቹ ካዩ በኋላ ለእህቷ ጫጩት ይታደላታል።

«ለእህቴ የምትሰጣት ከየት የመጣ ነው?»

«ከዚያው ማራቢያ።»

«ወንዱ ተለይቷል?»

«እየለዩት ነው።»

«ለእኔም እንዲሁ ብለኸኝ ነበር!»

«በእግዜር፣ ነገር አታብዢ። እኔን ብታሳጪኝ የሁሉም ድጋፍ ነው የሚቆመው።»

«አንተ እኮ በሰው ጓሮ ነው የምትማረው! ተማር፣ ማን ከለከለህ? መሳሳትህን ግን ለምን ትደብቃለህ? በእኔ ያየኸውን በእህቴ ልትደግመው?»

ሹፌሩ ወደ በርሜሉ ክዳን እጁን ሰደደ።

«ንካና ዋጋህን ታገኛለህ!»

ሹፌሩ እጁን ሰበሰበ። ባለሙያው ስልኩን አወጣ፤ መልሶ ከተተ።

እንግዶቹ ረፋዱ ላይ ደረሱ። እሜቴ ዓሣ እህቷን ጠርታ የመረቡን አንድ ጫፍ አስያዘቻት፤ ሁለቱም እስከ ወገባቸው ገብተው ጎተቱ። መረቡ ብቅ ሲል የእንግዶቹ አለቃ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ቀርበው ሲያዩ ግን እጃቸው አየር ላይ ቀረ። እሷ አንድ እፍኝ ዘግና ከፊታቸው ዘረጋች።

«ስምንት ወር የቀለብኩት ይኼ ነው፣ ጌታዬ። ወንድና ሴቱ ሳይለይ ነው የሰጡኝ። ትልልቆቹን ማየት ካማራችሁ በርሜሉ ውስጥ አሉ፤ ሐይቅ ነው ያሳደጋቸው።»

ባለሙያው ቦቲውን ማውለቅ ጀመረ።

ከሰዓት እህቷ የመጣላትን ጫጩት አልወሰደችም። በተከታዩ ወር ለእሜቴ ዓሣ መኖ አልመጣላትም።